የአሜሪካ ድጎማና ጨረታ የምትፈልጉ፣ ስማችሁን ቀድማችሁ አስተካክሉ

ጅማ ውስጥ ማኅበር ወይም ትንሽ ድርጅት ያላችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ። የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤይድ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ እርዳታ መስጠቱን አቁሟል። የቀሩት ፕሮግራሞች ወደ አሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዞረዋል። ስለዚህ በድሮው ድረ ገጽ አትድከሙ። ድጎማ ከሆነ ግራንትስ ዶት ጎቭ፣ የኮንትራት ጨረታ ከሆነ ሳም ዶት ጎቭ ላይ ፈልጉ። ሁለቱ ይለያያሉ። በኮንትራት እነሱ የፈለጉትን ሥራ ትሸጡላቸዋላችሁ፤ በድጎማ የእናንተን ዕቅድ ይደግፋሉ።

ማስታወቂያ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ሳም ላይ ተመዝገቡ። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። እኛን ያጓተተን ስም ነው። «ጅማ» የሚለው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የምዝገባ ወረቀታችን ላይ በሁለት «ኤም»፣ የግብር ከፋይ ምስክር ወረቀታችን ላይ በአንድ «ኤም» ነበር። ለእኛ ያው ጅማ ነው፤ ለሚያጣራው ሰው ግን ሁለት ድርጅት ነው። ወረቀቱን እስክናስተካክል የማመልከቻው ቀን አለፈ። በጣም ነው የቆጨን። ዛሬውኑ ወረቀቶቻችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ስምና አድራሻውን ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ምዝገባው በነፃ ነው። «ክፈሉና ላስመዝግባችሁ» የሚል ኢሜይል ከመጣ ከመንግሥት አይደለም፤ እንዳትከፍሉ።

አቅማችን ትንሽ ነው የምትሉ ደግሞ ከሳም ሌላ ዩኤስኤ ስፔንዲንግ ዶት ጎቭ የሚባል ድረ ገጽ አለላችሁ። ለኢትዮጵያ ሥራ የአሜሪካ መንግሥትን ገንዘብ ማን እንደወሰደ ያሳያል። ለእነዚያ ድርጅቶች ጻፉላቸው፤ ጅማ ዞን ላይ አብሯቸው የሚሠራ ሊፈልጉ ይችላሉ።