ከመርፌው በፊት፦ የፊት መሸብሸብን ለመታከም የሚመጡ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ፊት መሸብሸብ ሊያማክሩኝ የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ቦቶክስና ስለ ሌዘር ነው። እኔ ደግሞ አስቀድሜ የምጠይቀው ቤት ውስጥ ምን እንደሚቀቡ ነው። «ከቫዝሊን በቀር ምንም» ይሉኛል። ትንሽ ቆይቶ ከነጠላ ጫፍ ተፈትቶ፣ ወይም ከቦርሳ ጥግ ተፈልጎ፣ ጫፉ ድረስ ተጨምቆ የተጠቀለለ አንድ ቱቦ ይወጣል።

የሚያንገበግበኝ ይህ ቱቦ ነው። ጽሑፉን ሳነበው ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል አገኛለሁ። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው፤ ክሎቤታሶል እንዲያውም ከሚቀቡት ስቴሮይዶች ሁሉ ኃይለኛው ምድብ ውስጥ ነው። ለችፌና ለመሰል ሕመሞች፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት እንጂ የፊት ማሳመሪያ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ያጠራል፣ ያለሰልሳል፤ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ከዚያ ቆዳው እየሳሳ ይሄዳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ቡግር ይፈላል፣ አገጭ ላይ ፀጉር ይበቅላል። የሳሳ ቆዳ ደግሞ ፈጥኖ ይሸበሸባል።

ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት ጉንጫቸው ላይ የወጣውን ቅላት በሌዘር እንዳጠፋላቸው ለመኑኝ። ጉንጫቸውን በጣቴ ቆንጠጥ ሳደርገው እንደ ሽንኩርት ልባስ ስስ ነበር። «እትዬ፣ ሌዘሩ ይቆየንና መጀመሪያ ይህን ቅባት እናስቁም» አልኳቸው። ማስቆሙ ራሱ ሕክምና ነው። በአንድ ጊዜ ሲተዉት ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ብዙዎች ደንግጠው ወደ ቱቦው የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ሆኖ ቀስ በቀስ መቀነስ ይገባል። ምን እንደተቀላቀለበት ያልተጻፈበት የማንጫ ክሬም ከዚህም ይብሳል፤ አንዳንዱ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ አለበት።

ሌላው ስህተት ብርድን እንደ ጥላ መቁጠር ነው። ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ባርኔጣና ጃንጥላ ይይዛል፤ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለስ ያስቀምጠዋል። መሆን የነበረበት ግን በተቃራኒው ነው። ቆዳን የሚያስረጀው ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት ጨረሩ ነው፤ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ናት። የኅዳር ውርጭ ጣትን እያደነዘዘ፣ ጥርት ያለው ሰማይ ግን ፊታችንን ይጎዳል። የመኪና መስታወትም ጨረሩን ሁሉ አያስቀርም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የአሜሪካዊው የጭነት መኪና ሾፌር ፎቶግራፍ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ 28 ዓመት የነዳው ሰው በመስኮቱ በኩል ያለው የግራ ፊቱ ከቀኙ እጅግ የተሸበሸበ ነው። መከላከያው የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም ነው። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ ይቀባል፤ ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ማድያት ያለበት ሰው ቀለም ያለውን ይምረጥ፤ በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ለዓይን የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል።

ሎሚ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ መሞቅ ያቃጥላል። አይሞከር።

ትሬቲኖይንን፣ ማለትም ከቫይታሚን ኤ ወገን የሆነውን የሐኪም ቅባት፣ በሁለተኛው ሳምንት «አልተስማማኝም» ብሎ መጣል ደግሞ ያሳዝነኛል፤ ለመሸብሸብ ውጤታቸው በደንብ ከተጠኑት ቅባቶች አንዱ ነውና። መጀመሪያ ላይ ትንሽ መላጥ የሚጠበቅ ነው። የአተር ፍሬ የምታህል፣ ማታ ማታ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ይጀመር፤ ውጤቱ በወራት እንጂ በቀናት አይታይም። ነፍሰ ጡር ሴት አትቀባውም።

ወደ መርፌው ስንመጣ፣ ቦቶክስና ፊለርን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። ቦቶክስ ጡንቻን ያዝላል፤ ግንባር ሲቋጠር ለሚወጣው መስመር ይሆናል፣ ከሦስት እስከ አራት ወርም ይቆያል። ፊለር የጎደለውን ይሞላል። ዘመድ ከዓረብ አገር ያመጣውን ብልቃጥ በቦርሳ ይዘው «ውጉኝ» የሚሉኝ አሉ። ቦቶክስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ የሚቀመጥ መድኃኒት ነው፤ እንዲህ ተጉዞ የመጣውን አልወጋም። ፊለር ደግሞ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከመወጋትዎ በፊት ፊለሩ ሃያሉሮኒክ አሲድ መሆኑን፣ ማሟሟቻው ሃያሉሮኒዴዝም እዚያው ክፍል ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ። ከሌለ ተነሥተው ይውጡ። ከተወጉ በኋላ ቆዳው ከነጣ ወይም ከተዥጎረጎረ፣ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ፣ እይታ ከደበዘዘ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ሌዘርም እንደ ቆዳው ቀለም ይመረጣል። ለነጭ ቆዳ የተስተካከለ መሣሪያ የእኛን ቆዳ አቃጥሎ ከመሸብሸቡ የባሰ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ለጠቆረ ቆዳ የተሻለው የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር የሆነው ኤንዲ ያግ ነው፤ ባለሙያውን በስሙ ይጠይቁት።

በጥር ሰርግ ያላቸው ደግሞ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ኬሚካል ፒል፣ ማለትም የላይኛውን ቆዳ በኬሚካል መላጥ፣ ይፈልጋሉ። ፊቱ እየተላጠ ሙሽራ መሆን አይቻልም፤ ቦቶክስም ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ለጥር ሰርግ በመስከረም ይምጡ፤ የሚቀቡትን ቱቦ ሁሉ ይዘው ይምጡ።