ውሃ ሲጠፋ ከአስቤዛው በፊት ጀሪካኑን እዩ

ቱሉ ዲምቱም ኮዬ ፈጬም የካ አባዶም ያላችሁ ውሃ ለቀናት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፣ እኛ ቤት ሽሮና ዱቄት ሞልቶ የሚጠጣ ውሃ ግን ያለቀበት ቀን ነበር ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሰውነት ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ያለውን ስኳር ከዛ ስቡን እያቃጠለ፣ ያለ ውሃ ግን 3 ቀን አካባቢ ነው፣ ሙቀት ወይ ተቅማጥ ካለ ደሞ ከዛም ያንሳል። ስለዚህ ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ያዙ፣ 4 ሰው ላለበት ቤት ለ3 ቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፣ እሱን ለእቃ ማጠቢያ እንዳትነኩት በናታችሁ።

ሽንት ከጠቆረና ካነሰ፣ ህፃን ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ውሃ አንሶታል። ተቅማጥ ከያዘውና ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት) ከሌላችሁ 1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ተከምሮ ሳይሆን ልክ በማንኪያው አፍ፣ በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ስጡት፣ ጨው ከበዛ ይጎዳል። መጠጣት ካቃተው ወይ ከዛለ ግን እቤት አታቆዩት፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።