ኦኤስ አፕግሬድ ልታደርጉ ነው? መጀመሪያ ቪኤሙን ዝጉት

ብዙ ሰው የኮምፒውተሩን ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኦኤስ) አፕግሬድ ያደርግና ቨርቹዋል ቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቪኤም፣ የሚያስነሳው ፕሮግራም) አልነሳም ሲለው "ማሽኔ ጠፋ" ብሎ ይደነግጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን የጠፋ ነገር የለም፣ የዲስኩ ፋይል እዛው ቁጭ ብሏል፣ የተበጠሰው ቨርቹዋል ቦክስን ከከርነሉ (ከኦኤሱ እምብርት) ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር ነው።

ስለዚህ ከአፕግሬዱ በፊት ቪኤሙ ውስጥ ገብታችሁ በደንብ ሻት ዳውን አድርጉት። ሴቭ ስቴት አድርጋችሁ (ሳትዘጉት ባለበት አስቀምጣችሁ) እንዳትተዉት! የተቀመጠውን ሴሽን አዲሱ ቨርዥን እምቢ ሊለው ይችላል፣ እኔ አንዴ ሴቭ ያላደረግኩት ግማሽ ቀን የሰራሁት ስራ በዚህ ሄዶብኛል (አንድ ቁልፍ መጫን ከብዶኝ)። ከዛ የቪኤሙን ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርጉ። ስናፕሾት (የቪኤሙን የአንድ ጊዜ ሁኔታ የያዘ መመለሻ ነጥብ) አለኝ አትበሉ፣ ስናፕሾት ያለ ዋናው ዲስክ ምንም አይሰራም።

ቀጥሎ የቨርቹዋል ቦክሱን አዲስ ቨርዥን ጫኑ፣ የኤክስቴንሽን ፓኩም (ለብቻው የሚጫነው የቨርቹዋል ቦክስ ተጨማሪ ጥቅል) የቨርዥን ቁጥር ከሱ ጋር አንድ ይሁን።

ሊኑክስ ላይ ነው ጣጣው። ከርነል በተቀየረ ቁጥር የቨርቹዋል ቦክስ ሞጁል (ያው ድራይቨሩ) እንደ አዲስ መሰራት አለበት፣ ድራይቨር የለም ብሎ 1908 የሚል ኤረር ካመጣ የአዲሱን ከርነል ሄደርስ (ሞጁሉን ለመስራት የሚያስፈልጉትን ፋይሎች) ጫኑና ቪቦክስኮንፊግ (vboxconfig) የሚለውን ትዕዛዝ በሩት (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ራን አድርጉት። ሞጁሉ ተሰርቶም አልጫንም ካለ ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ኮድ የሚከለክለውን ጥበቃ) ጠርጥሩ፣ ፊርማ የሌለው ሞጁል አያስገባም፣ ቁልፍ ማስመዝገብ ይጠይቃል፣ ሪስታርት ስታደርጉ የሚመጣውን ሰማያዊ ስክሪን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት፣ ማስመዝገቢያው እሱ ነው። ከከርነል 6.12 ወዲህ ደግሞ ኬቪኤም (የሊኑክስ የራሱ የቪኤም ማስኬጃ) ገና ሲጫን ቨርቹዋላይዜሽኑን (ፕሮሰሰሩ ቪኤም ለማስኬድ የሚሰጠውን አቅም) ቀድሞ ይይዘዋል፣ ቨርቹዋል ቦክስ ካልተነሳላችሁና ኬቪኤም የማትጠቀሙ ከሆነ የኬቪኤምን ሞጁል አውጡት።

ዊንዶውስ ላይ ቪኤሙ ድንገት ከተንቀራፈፈ የመስኮቱን ታች እዩ፣ አረንጓዴ ኤሊ ካለች ሃይፐር ቪ (የዊንዶውስ የራሱ የቪኤም ማስኬጃ) በርቷል ማለት ነው። በሃይፐር ቪ የሚሰራውን ሜሞሪ ኢንቴግሪቲ ማጥፋት ሊያፈጥነው ይችላል፣ ግን እሱ የደህንነት ጥበቃ ስለሆነ እኔ ቢዘገይም አልነካውም።

ከኢንቴል ማክ ወደ ኤም ቺፕ የሄዳችሁ ደግሞ የድሮ ቪኤማችሁ በኢሙሌሽን (የኢንቴልን ቺፕ በሶፍትዌር በማስመሰል) ካልሆነ አይነሳም፣ እሱም ይጎተታል፣ ዳታችሁን አውጥታችሁ አዲስ የአርም (የኤም ቺፕ ዓይነት) ቪኤም ብትሰሩ ይሻላል።

ሲነሳላችሁ ገስት አዲሽንስን (ቪኤሙ ውስጥ የሚጫነውን የቨርቹዋል ቦክስ ረዳት ሶፍትዌር) አፕዴት አድርጉ፣ ካለዚያ የስክሪኑ ሳይዝና ሼርድ ፎልደሩ ሊያስቸግራችሁ ይችላል። ኮፒውን ቢያንስ ለአንድ ሳምንት አታጥፉት።