ያረጀው የስፖርት ስማርትዋች ይቀየር ወይስ ትንሽ ይቆይ?

አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር እጃችን ላይ ያለው ሰዓት በአንድ ሌሊት ያረጃል አይደል? ትናንት ምንም አላለንም፣ ዛሬ ስክሪኑ ደበዘዘብን፣ ባትሪው ቶሎ አለቀብን፣ ማሰሪያው እንኳን አስጠላን። ወረት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ወረት ነውር ነው እያልኩ አይደለም፣ ገንዘቡ ካላችሁና ደስ ካላችሁ ግዙት፣ ግን "ሰዓቴ አልሰራ ብሎኝ ነው" ብላችሁ ራሳችሁን አትሸውዱ።

እኔ ተሸውጃለሁ። አምስት ዓመት ያሰርኳት ሰዓት ነበረችኝ፣ ሶምሶማ እየሮጥኩ፣ ከጓደኛዬ ጋር እያወራሁ፣ እየሳቅኩ፣ የልብ ምትህ 174 ነው ትለኛለች። በ174 የልብ ምት ማን ወሬ ያወራል? ሴንሰሯ አልቆላታል ብዬ አዲስ ገዛሁ። አዲሷም በሳምንቱ 174። ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት፣ ለካ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ የኔ አስተሳሰር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰዓቱ ስር የሚበራው አረንጓዴ መብራት ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ደሙ ሲሞላና ሲጎድል ያለውን ልዩነት ነው የሚያነበው። ሰዓቱ ላላ ብሎ ከታሰረ እጃችሁ በተወዛወዘ ቁጥር እሱም አብሮ ይዘላል፣ ሲዘል ደግሞ የእግራችሁን ምት የልብ ምት ያደርገዋል። ብዙ ሰው ሲሮጥ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ ስለሚረግጥ ቁጥሩ የሚታመን ይመስላል፣ አደገኛው እሱ ነው። ሯጮች ኬደንስ ሎክ ይሉታል። መፍትሄው ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ደም ሳይከለክል ግን ሳይንሸራተት ማሰር፣ ብርድ ከሆነ ደግሞ ከመሮጥ በፊት ሰውነትን ማሟሟቅ ነው፣ ምክንያቱም ሲበርደን ደም ከቆዳችን ይሸሻል፣ መብራቱ የሚያነበው ያጣል። ሰዓቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠቆር ያለ ታቱ ካላችሁም ያስቸግራል። ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከተምታታ ደረት ላይ የሚታሰረውን ሴንሰር ግዙ፣ እሱ የልብን ኤሌክትሪክ ነው የሚያነበው፣ ከብዙ አሮጌ ሰዓት ጋር በብሉቱዝ ወይም አንት ፕላስ በሚባል ሌላ ገመድ አልባ መንገድ ይገናኛል፣ ዋጋው ደግሞ ከአዲስ ሰዓት ጋር አይወዳደርም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሰዓታችሁ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚቀበል እዩ፣ አፕል ዋች ለምሳሌ አንት ፕላስን አያውቀውም።

እና አሁን ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ለሁለት ሳምንት ስልካችሁ ላይ ኖት ክፈቱና ሰዓቱ ባናደዳችሁ ቁጥር ምን እየሰራችሁ እንደነበር ጻፉ። "ቀርፋፋ ነው" አይበቃም። "ልሮጥ ወጥቼ ጂፒኤስ እስኪይዝ አራት ደቂቃ ቆሜ ጠበቅኩ" ብላችሁ ጻፉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ከሞላ የተናደዳችሁት በሰዓቱ አይደለም ማለት ነው፣ ማስታወቂያ አይታችሁ ነው። ከሞላ ደግሞ አብዛኛው ወይ ባትሪ ወይ ጂፒኤስ ወይ ሶፍትዌር ነው የሚሆነው፣ አንድ በአንድ እንየው።

ባትሪ። ሊቲየም አዮን ባትሪ ያረጃል፣ ማምለጫ የለውም፣ ጥያቄው ስንት ቀረው ነው። አፕል የሰዓቱ ባትሪ 1000 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ከመጀመሪያው አቅሙ እስከ 80 ፐርሰንት እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተሰራው ይላል። በየቀኑ የሚሞላ ሰዓት 1000 ላይ ሶስት ዓመት ሳይሞላው ይደርሳል፣ በሳምንት አንዴ የሚሞላ ግን በዓመት 52 ብቻ ስለሆነ እሱን ቻርጁ ሳይሆን ሙቀትና ዕድሜ ነው የሚጥለው። አፕል ዋች ያላችሁ ሴቲንግ ገብታችሁ ባትሪ፣ ከዛ ባትሪ ሄልዝ ስትሉ ፐርሰንቱን ታያላችሁ። ሌላ ሰዓት ከሆነ ራሳችሁ ለኩት፦ ሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ ጂፒኤስ ከፍታችሁ አንድ ሰዓት ተንቀሳቀሱ፣ ስንት ፐርሰንት እንደወረደ ጻፉ። ሰሪው በጂፒኤስ 20 ሰዓት ይሰራል ብሎ ከነበረ አዲሱ በሰዓት 5 ፐርሰንት ነበር የሚበላው፣ የእናንተ 10 ከበላ ግማሹ ሄዷል ማለት ነው። ይሄን ከመለካታችሁ በፊት ግን ሁሌም በርቶ የሚቀረውን ስክሪን፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚለካውን የደም ኦክስጅንና ከሆነ ቦታ ያወረዳችሁትን ያሸበረቀ የሰዓት ገጽ አጥፉ፣ እነዚህ ናቸው ባትሪ የሚጨርሱት፣ ሰው ግን ባትሪው ሞተ ይላል።

ከዛ ደግሞ ግማሹ ሄደ ማለት ይቀየር ማለት አይደለም። ረጅሙ ሩጫችሁ አንድ ሰዓት ከሆነና ባትሪው አምስት ሰዓት ከቆየ ምን ጎደለባችሁ? ማራቶን በአራት ሰዓት ተኩል የምትጨርሱ ሆናችሁ ሰዓቱ አራት ላይ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጎድሏል፣ ክርክር የለውም። ባትሪ ማስቀየርም አማራጭ ነው፣ ብቻ ሰዓት ሲከፈት ውሃ የሚከለክለው ስስ ጎማ ስለሚነካ ከተዘጋ በኋላ በግፊት ፈትሸው ይሰጧችሁ እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ነገር ላይ ብቻ ቀልድ የለም፣ ስክሪኑ ከጎኑ ብድግ ካለ ባትሪው አብጧል፣ በዛው ቅጽበት አውልቁት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ተጭናችሁ ለመመለስም አትሞክሩ። ሞዴላችሁ በሰሪው ተጠርቶ እንደሆነም ፈልጉ፣ ፊትቢት አዮኒክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባትሪው እየጋለ ሰው ስላቃጠለ ከገበያ ተጠርቶ ገንዘብ ተመልሶበታል፣ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ያለው ሰው አይጠፋም።

ቻርጅ አልገባ ካለ ግን ከባትሪው በፊት ከኋላ ያሉትን የብረት ነጥቦች እዩ፣ ላብ ደርቆባቸው ነው ብዙ ጊዜ፣ ለስላሳ ብሩሽና ትንሽ አልኮል ይበቃል።

ጂፒኤስ ላይ ሰው የሚያማርረው ሁለት ነገር ነው፣ ቶሎ አይዝም እና ርቀት ያሳስታል። ቶሎ አይዝም ለሚለው ከመውጣታችሁ በፊት ከስልካችሁ ጋር ሲንክ አድርጉት። ሰዓቱ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚነግረውን ፋይል ከስልኩ ካገኘ በሰከንዶች ይይዛል፣ ካላገኘ ግን ከሳተላይቱ ራሱ ማውረድ አለበት፣ አንዱ ሳተላይት መረጃውን በየ30 ሰከንዱ ነው የሚደግመው፣ መሀል ላይ ዛፍ ወይ ህንጻ ከጋረደው እንደገና ይጠብቃል። ሲንክ ካደረጋችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው? እሱን ሳትመልሱ ሰዓቱን አትውቀሱ።

ርቀቱን ለመፈተሽ 400 ሜትር ትራክ ካገኛችሁ በውስጠኛው መስመር 10 ዙር፣ ማለትም 4 ኪሎ ሜትር ሩጡ፣ የትራክ ሞድ ካለው አትክፈቱት እሱ ራሱ ያስተካክለዋል። 4.05 ካለ እግዜር ይስጥልኝ በሉት፣ 4.3 ወይም 3.7 ካለ ችግር አለ። ያኔም መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ አመዘጋገቡን እዩ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ነጥብ እየዘለለ እንዲመዘግብ ተደርጎ ከሆነ በየሰከንዱ አድርጉት፣ ጥምዝ ላይ የሚጠፋው ርቀት እዛ ጋ ነው ያለው። አዲሶቹ ሰዓቶች የሚፎክሩበት ሁለት ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኤል1 ላይ ኤል5ን መጨመር፣ እውነተኛ መሻሻል ነው፣ ግን የሚታየው ረጃጅም ህንጻ ወይም ገደል መሀል ሲግናሉ እየነጠረ ሲመጣ ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ ለምትሮጡ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

(በነገራችን ላይ በጣም አሮጌ ሰዓት ቀኑን ወደ 20 ዓመት ገደማ ወደኋላ ካሳያችሁ አልተበላሸም። ጂፒኤስ ሳምንት የሚቆጥረው እስከ 1024 ነው፣ ከዛ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ተመልሷል። ሰሪው አፕዴት ካወጣለት ይስተካከላል፣ ካላወጣለት ግን ቀኑ እንደተሳሳተ ይኖራል።)

ሶፍትዌሩ ላይ ግን እኔም እጄን እሰጣለሁ፣ ሰዓትን የሚገድለው እውነተኛ እርጅና እዚህ ጋ ነው ያለው። አፕል ዋች ሲሪስ 3 እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ በ2022 ዋችኦኤስ 9 የሚባለው የአፕል የሰዓት ሶፍትዌር ሳይደርሰው ቀረ፣ በ2024 ደግሞ በዋችኦኤስ 11 ሲሪስ 4፣ ሲሪስ 5 እና የመጀመሪያው ኤስኢ ወደቁ። አፕዴት ቆመ ማለት ሰዓቱ ቆመ ማለት አይደለም፣ መሮጥ ይመዘግባል፣ ይቆጥራል። የሚያስፈራው የስልኩ አፕ ነው። አሮጌ ሰዓት ከአሮጌ ስልክ ጋር ለዓመታት በሰላም ይኖራል፣ ስልክ የቀየራችሁ ቀን አዲሱ ስልክ አላውቀውም ይላል። ስለዚህ ስልክ ልትቀይሩ ከሆነ የሰዓቱን ጉዳይ ከዛ በፊት አጣሩ፣ በኋላ አይደለም። ኩባንያው ራሱ ሊጠፋም ይችላል፣ ፔብል የሚባለው ሰዓት ሰሪ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ተዘጋ፣ ሰርቨሮቹም እ.ኤ.አ. በ2018 ጠፉ፣ ሰዓቶቹን ያቆዩት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተሰባስበው ነው። የእናንተ ሰዓት አፑ ቢጠፋ ሩጫችሁን በኬብል ማውጣት ይቻላል? ብዙ የጋርሚን ሰዓቶች ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩ ፋይሉ ይወጣል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የምትዋኙ ከሆነ ደግሞ 5 ኤቲኤም (የ50 ሜትር ውሃ ግፊት ይችላል ማለት ነው) የሚለውን ጽሁፍ ዕድሜ ልክ አትመኑት። ውሃ መከላከያው ከጊዜ ጋር ይዳከማል፣ ሳሙናና እንፋሎት ያፈጥነዋል፣ አንዴ የወደቀና ጥግ የተሰነጠቀ ሰዓት ይዤ ገንዳ አልገባም እኔ።

ይሄ ሁሉ ታልፎ ይቀየር ካላችሁ፣ ሰው የማያስበውን አንድ ኪሳራ ልንገራችሁ። ከአንድ ብራንድ ወደ ሌላ ስትሄዱ ቁጥሮቹ አይቀጥሉም። የእንቅልፍ ነጥቡ፣ ቪኦ2 ማክሱ (ሰውነት ቢበዛ ስንት ኦክስጅን እንደሚጠቀም የሚያሳየው ቁጥር)፣ ካሎሪው ሁሉም ግምት ነው፣ እያንዳንዱ ሰሪ ደግሞ በራሱ ስሌት ነው የሚገምተው፣ ትናንት 48 የነበረው ዛሬ 44 ቢል ሰነፋችሁ ማለት አይደለም፣ መለኪያው ተቀይሯል። አዲሱ እናንተን እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ውድድር አንድ ወር ሲቀረው አትቀይሩ፣ ወይም ከቀየራችሁ ቁጥሩን ለጊዜው እርሱት።

ስትገዙም የመጨረሻውን ሞዴል ብቻ አትዩ፣ የባለፈውን ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና ኖታችሁ ላይ የጻፋችሁትን ንዴት የሚፈታው የትኛው እንደሆነ ፈልጉ። ጋርሚን ፎርራነር 255 እና 265ን ውሰዱ፣ አንዱ በ2022 አንዱ በ2023 የወጡ፣ ሁለቱም ሁለት ፍሪኩዌንሲ ጂፒኤስ አላቸው፣ 265 በዋናነት የጨመረው አሞሌድ የሚባል ደማቅ ስክሪንና ለልምምድ ዝግጁ ናችሁ አይደላችሁም የሚል ነጥብ ነው። ችግራችሁ ጂፒኤስ ከነበረ 255 ይበቃችኋል። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት ከባለቤቱ አካውንት መውጣቱን እዛው ቆማችሁ አረጋግጡ፣ አፕል ዋች ካልተፈታ ተቆልፎባችሁ ይቀራል።

አሮጌውንም ስትሰጡ እንደዛው፣ መጀመሪያ ሁሉንም ሲንክ፣ ከዛ ከስልክ መፍታት፣ ከዛ ሪሴት፣ በዚህ ቅደም ተከተል። የኔን አሮጌ ለእህቴ ሰጠኋት፣ አጥብቃ ነው የምታስረው፣ ሶምሶማ ስትሮጥ 138 ነው የሚላት።