ሞኒተሩ 144 ኸርዝ ሆኖ ጌሙ ለምን ይቆራረጣል?

ደሴ ውስጥ ጌም ፒሲ ያስገጠማችሁ ልጆች፣ ሌላ ግራፊክስ ካርድ ከመመኘታችሁ በፊት የሞኒተሩን ኬብል እዩ። ከፒሲው ጀርባ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ከተሰካ ማዘርቦርዱ ላይ ነው ያለው። ነቅላችሁ ዝቅ ብለው ወደተደረደሩት የካርዱ ቀዳዳዎች አዙሩት።

ከዚያ ዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ግቡና ሪፍሬሽ ሬቱን (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ፣ በኸርዝ) 144 ላይ አድርጉት። የ144 ኸርዝ ሞኒተር ገዝቶ በ60 የሚጫወት ስንቱ ነው! በ60 አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ በ144 ግን 6.9 ብቻ። ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ወዲያው ይታወቃችኋል። 144 ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ በዲስፕሌይፖርት ኬብል ሞክሩ።

ሞኒተሩ ፍሪሲንክ (የሞኒተሩን እድሳት ከጌሙ ፍጥነት ጋር የሚያስማማው) ካለው አብሩትና ኤፍፒኤሱን፣ ማለትም ፒሲው በሰከንድ የሚያወጣውን የምስል ብዛት፣ 140 ላይ ገድቡት። ኮምቦልቻ ካለው ጓደኛችሁ ጋር ኦንላይን ስትገቡ ብቻ የሚጎተት ከሆነ ግን ጣጣው የኔትወርኩ ነው። ዋይፋዩን ትታችሁ በላን ኬብል ሞክሩት።