አዲስ የኮሚክ እትም ሲወጣ ጽሑፉን እንዴት እንመዝን?

የማርቭል ወይም የዲሲ (ሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ አሳታሚዎች) ወርኃዊ እትም ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 22 ገጽ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ማስታወቂያ ነው። ለደራሲው የሚባክን ገጽ የለም።

መጀመሪያ ቃሉን ሳታነቡ ሥዕሉን ብቻ ከዳር እስከ ዳር ተመልከቱ። ማን የት እንደቆመ፣ ማን ማንን እንደመታ ካልገባችሁ ትረካው ላልቷል። የተለመደው ጥፋት ትዕይንቱ ወደ ሌላ ቦታ ሲሻገር ስፍራውን በሰፊው የሚያሳይ ሥዕል አለመኖሩ ነው። ደራሲውን ብቻ ለመውቀስ ግን አትቸኩሉ፤ ሴራው ብቻ ተሰጥቶት ሰዓሊው ከሳለ በኋላ ምልልሱ የሚጻፍበት አሠራርም አለ።

ከዚያ ከነቃሉ አንብቡ። ጀግናው በር ሲሰብር እየታየ «በሩን መስበር አለብኝ!» ካለ፣ ጽሑፉ ሥዕሉን እየደገመ ነው። ወንድሙን «እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ አሥር ዓመቱ ነው» የሚል ገጸ ባሕርይ ደግሞ የሚያወራው ለወንድሙ ሳይሆን ለእኛ ነው። በእንግሊዝኛ እትሞች በአንድ ሳጥን (አንዱን ሥዕል በሚይዘው ክፈፍ) ከ35 ቃል በላይ ሲታጨቅ ሥዕሉ ይታፈናል። የተናጋሪዎቹን ፊት በእጃችሁ ሸፍናችሁ ንግግሩን ብቻ አንብቡት፤ ማን እንደተናገረ ካልለያችሁ ሁሉም በደራሲው አፍ ነው የሚያወሩት።

ብዙ ገምጋሚ የሚዘለው የገጽ መግለጥን ነው። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ የታተመ ቅጂ፣ ድንገተኛው ነገር መምጣት ያለበት ከተገለጠ በኋላ በግራው ገጽ ላይ ነው። በቀኙ ከሆነ ዓይን ቀድሞ ያየዋል፤ ልብ ሰቀላው ከሸፈ። ማስታወቂያ በመሃል ገብቶ ገጹን ሊያዛባው ስለሚችል ጥፋቱ የማን እንደሆነ አረጋግጡ። ሳጥን በሳጥን እያጎላ በሚያሳይ የስልክ መተግበሪያ ይህን መመዘን አይቻልም።

አሁን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ አስተያዩ። አንድ ሰው አዲስ ነገር አወቀ? ወሰነ? ከሌላው ጋር ያለው ግንኙነት ተለወጠ? አንዱም ከሌለ እትሙ ምናልባት በኋላ አምስት ስድስቱ ተጠርዘው ለሚወጡበት ጥራዝ ማሟያ ነው፤ ዋጋው ግን እንደ ሙሉ እትም ነው። ከቁጥር 1፣ ማለትም ከተከታታዩ የመጀመሪያ እትም፣ መልስ አትጠብቁ፤ ባለታሪኩ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያግደው ከነገረን ይበቃል።

የመጨረሻውን ገጽ ልብ ሰቀላ በተመለከተ ፍርዱን ለቀጣዩ እትም አቆዩት። ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለው ሰው በሁለት ሳጥን ውስጥ ያለ ዋጋ ከዳነ፣ ነጥቡን ካለፈው እትም ላይ ቀንሱ።