ሰፈራቸውን የሚያድሱ ትርፍ አልባ ድርጅቶችን እንዴት እንደግፍ? ለዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ሻው፣ ዩ ስትሪትና አዳምስ ሞርጋን የተባሉት የዋሽንግተን ዲሲ ሰፈሮች ምን ያህል እንደተለወጡ የአካባቢው የሀበሻ ምግብ ቤቶች የቆዩ ደንበኞች ሁሉ ያውቁታል። አሮጌው ሕንፃ ታድሷል፣ አዳዲስ ፎቆች ተነሥተዋል፤ ኪራዩም አብሮ እየናረ ብዙ ቤተሰብ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተገፍቷል። ሰፈር ሲታደስ ነባሩ ነዋሪ አብሮ እንዳይነቀል የሚደክሙ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች አሉ። እነዚህ ድርጅቶች ያረጁ ሕንፃዎችን ገዝተው ያድሳሉ፣ ኪራዩን ከገበያው ዋጋ በታች ያቆያሉ፣ ለትንንሽ ሱቆች ብድር ይሰጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣውና «ቶፓ» በሚል አጠራር የሚታወቀው ሕግ ለተከራዮች በሚሰጠው ሕንፃውን የመግዛት ቅድሚያ ተጠቅመውም ሕንፃቸው ለሽያጭ የቀረበባቸውን ተከራዮች ያደራጃሉ።

ድጋፍ ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታየን ገንዘብ ማዋጣት ነው። መዋጮው የሚናቅ ባይሆንም ሃምሳ ቤቶች ያሉት ሕንፃ የሚገዛበት ሚሊዮን ዶላር ከመዋጮ አይገኝም። ያ ገንዘብ የሚመጣው ከከተማው በጀት፣ በ1986 ከተጀመረው፣ ለዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች ገንዘብ ለሚያውሉ ግብር ከሚቀንሰው የፌዴራል የታክስ ክሬዲትና ከባንክ ብድር ነው። ስለዚህ አንድ ተራ ነዋሪ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ድጋፍ፣ ይህ ገንዘብ በሚወሰንበት ጊዜና ቦታ ተገኝቶ መናገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህም መመሪያ ከሌላው ይልቅ በዚያ ላይ ያተኩራል።

አስቀድሞ ድርጅቱን ማወቅ

በስሙ ከመናገርዎ በፊት ድርጅቱን ይመርምሩ። ከገቢ ግብር ነፃ የሆኑ ትርፍ አልባ ድርጅቶች ለፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያቀርቡትን ሪፖርት፣ «ፎርም 990»ን፣ የሦስት ዓመቱን ለጠየቃቸው ሰው ሁሉ የማሳየት ግዴታ አለባቸው፤ ፎርሙም ገቢውን፣ ወጪውን፣ የቦርድ አባላቱንና የኃላፊዎቹን ደመወዝ ይዘረዝራል። ብዙ ሰው የሚያየው የአስተዳደር ወጪውን መቶኛ ብቻ ነው። ቤት የሚሠራ ድርጅት ግን ያለ ጠበቃና ያለ ሒሳብ ዐዋቂ የታክስ ክሬዲት ማግኘት ስለማይችል፣ እኔ ከዚያ ይልቅ የቦርዱን ስብጥር ማየት እመርጣለሁ። ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት ገንዘብ ከሚሰጠው «ሆም» ከተባለው የፌዴራል ፕሮግራም ለማኅበረሰብ ቤት ልማት ድርጅቶች ከተለየው ድርሻ ለመጠቀም፣ የቦርዱ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎችን የሚወክል መሆን አለበት። ድርጅቱ ከሚያስተዳድራቸው ሕንፃዎች ተከራዮች መካከል ስንቱ ቦርድ ውስጥ እንዳለ በቀጥታ ይጠይቁ፤ መልሱ ሲጓተት ያ ራሱ መልስ ነው።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል?

በእድርና በቤተ ክርስቲያን ኮሚቴዎች ዘንድ «ትርፍ አልባ ድርጅት ፖለቲካ ውስጥ መግባት አይችልም» የሚል ፍርሃት በሰፊው ይሰማል። ፍርሃቱ ግማሹ ትክክል ነው፤ ከ1954 ጀምሮ በግብር ሕጉ አንቀጽ «501 (ሲ)(3)» የተባሉት የበጎ አድራጎትና የሃይማኖት ድርጅቶች ለምርጫ የሚወዳደርን ሰው መደገፍም ሆነ መቃወም ፈጽሞ ተከልክለዋል። ሕግና በጀት እንዲወጣ ወይም እንዲሻሻል ምክር ቤትን መወትወት ግን ከሥራቸው ዋናው ክፍል እስካልሆነ ድረስ ተፈቅዶላቸዋል። ልኩን በቁጥር ማወቅ የሚፈልግ ድርጅት «ፎርም 5768» የተባለውን አጭር ቅጽ ሞልቶ ማስገባት ይችላል። ይህን ሲያደርግ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ዓመታዊ ወጪው ውስጥ እስከ 20 በመቶ ለዚህ ሥራ ማዋል ይፈቀድለታል፤ ከዚያም ላይ ሰፊውን ሕዝብ «ለምክር ቤት አባላችሁ ደውሉ» እያሉ ለመቀስቀስ የሚውለው ከአንድ አራተኛ መብለጥ የለበትም። ያለ ክፍያ የሚሰጥ የበጎ ፈቃደኛ ጊዜ ወጪ ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ እርስዎ ከሥራ ፈቃድ ወስደው ምክር ቤት ሄደው ቢናገሩ ከድርጅቱ የወጪ ጣሪያ ላይ ምንም አይቀነስም።

ጊዜውን መያዝ

የከተማው የበጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፤ ውሳኔው ግን ከወራት በፊት አልቆ ያድራል። ከጃንዋሪ ጀምሮ የምክር ቤቱ ኮሚቴዎች የየመሥሪያ ቤቱን ያለፈ ዓመት አፈጻጸም ይመረምራሉ፤ በጸደይ ከንቲባዋ የበጀት ረቂቅ ያቀርባሉ፤ ወዲያው ሕዝብ ሐሳቡን የሚሰጥባቸው ስብሰባዎች ይከተላሉ፤ በጋው ሳይጋመስ ድምፅ ይሰጣል። በበጋው ማብቂያ «ለምን ተቀነሰ?» እያሉ ማዘን የተለመደ ቢሆንም ያን ጊዜ የሚሰማ የለም።

በዚህ ወቅት ዓይን ሊነቀልበት የማይገባው፣ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸውን ቤቶች ለመሥራትና ለማቆየት ብድር የሚሰጠው፣ በ1988 የተቋቋመው የከተማው «ሃውሲንግ ፕሮዳክሽን ትረስት ፈንድ» ነው። ፈንዱ ቤትና መሬት ሲሸጥ ከሚከፈለው የስም ማዛወሪያና የምዝገባ ታክስ 15 በመቶ በሕግ ተለይቶ ይገባለታል። የንብረት ሽያጭ ሲቀዘቅዝ ይህ ገቢ አብሮ ይቀንሳል፤ የሚጎድለውን መሙላትም አለመሙላትም በከንቲባዋና በምክር ቤቱ እጅ ነው። የከተማዋ ትርፍ አልባ የቤትና የኢኮኖሚ ልማት ድርጅቶች በጋራ የመሠረቱት ጥምረት፣ በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ «ሲኤንኤችኢዲ»፣ የበጀቱን ጉዞ በቅርብ ስለሚከታተል ቀኖቹን ከእርሱ ማወቅ ይቀላል።

በሦስት ደቂቃ መናገር

በስብሰባው ላይ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። አስቀድመው በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ይመዘገባሉ፤ በአካል በዊልሰን ሕንፃ ተገኝተው ወይም ብዙ ጊዜ በቪዲዮ መናገር ይቻላል። አስተርጓሚ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ሲመዘገቡ ወዲያውኑ ለኮሚቴው ያሳውቁ። ከምክር ቤቱ ውጪ ያሉት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ደግሞ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ነፃ የቃል አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አማርኛም በዚህ ሕግ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ ተከልክሎ «ሰው ይዘህ ና» የተባለ ሰው ለከተማው የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አቤት ማለት ይችላል።

ለአንድ ግለሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። የእኛ ሰው በተለይ የሚቸገረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ክቡራንና ክቡራትን ጠርቶ፣ አመስግኖ፣ የጤናቸውን ጠይቆ ሳይጨርስ ሰዓቱ ይደወላል። ማን እንደሆኑና የት እንደሚኖሩ፣ ምን እንደደረሰብዎ ወይም እንደተደረገልዎ፣ ምን እንደሚጠይቁ ይናገሩ፤ ጥያቄው ደግሞ አንድ ብቻ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ሊባል ይችላል፦

«የዋርድ 1 ነዋሪ ነኝ፤ የምሠራው በማታ ፈረቃ ፓርኪንግ ነው። የምኖርበት ሕንፃ ለሽያጭ ሲቀርብ ተከራዮቹ ተደራጀን፤ አንድ ትርፍ አልባ ድርጅት ከፈንዱ ተበድሮ ገዛው። ቀድሞ ዝናብ በዘነበ ቁጥር መኝታ ቤቴ ውስጥ ባልዲ እደቅን ነበር፤ አሁን ጣሪያው ተጠግኗል፣ ኪራዬንም በደመወዜ እከፍላለሁ። ከጎናችን ያለው ሕንፃ ተከራዮች ተራቸውን እየጠበቁ ነው። ኮሚቴው የፈንዱን በጀት እንዳይቀንስ እጠይቃለሁ።»

ከመቶ ሰው የተላከ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይህን ያህል ክብደት የለውም። የባልዲው ነገር የምክር ቤቱ አባል ከሠራተኞቹ ሪፖርት የማያገኘው ነው። መናገር የሚከብድዎ ከሆነ ይህንኑ ጽፈው መላክ ይችላሉ፤ መዝገቡ ከስብሰባው በኋላም ለተወሰኑ ቀናት ክፍት ይቆያል።

ከምክር ቤቱ በታችና ከምክር ቤቱ ውጪ

የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን፣ ማለትም «ኤኤንሲ»፣ ብዙ ሀበሻ የማያውቀው ግን ቅርብ የሆነ በር ነው። እያንዳንዱ ኮሚሽነር ወደ 2,000 የሚጠጉ ነዋሪዎችን ይወክላል፣ ለሁለት ዓመት ይመረጣል፣ ደመወዝም የለውም። ኮሚሽኑ ስለ ሕንፃ ፈቃድ ወይም ስለ ዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም ደንብ) ለውጥ በጽሑፍ ያሳለፈውን አስተያየት የከተማው መሥሪያ ቤቶች «ትልቅ ክብደት» ሰጥተው እንዲያዩት ሕጉ ያዛል። የዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች ፕሮጀክት የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ እዚሁ ነው፤ ተቃዋሚ ጎረቤቶች ሁሌም ይመጣሉ፣ ደጋፊዎች ግን ሥራ ላይ ናቸው። አምስት ደጋፊዎች ቢገኙ እንኳ የስብሰባው መንፈስ ይለወጣል።

በ1977 የወጣው «ኮሚኒቲ ሪኢንቨስትመንት አክት» ደግሞ ባንኮች ገንዘብ በሚሰበስቡበት ሰፈር፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ነዋሪዎች ጨምሮ፣ እንዲያበድሩ ይጠብቃል። ስለ ባንክዎ የብድር አሰጣጥ በጽሑፍ የሚሰጡት አስተያየት ባንኩ ለሕዝብ ክፍት በሚያደርገው ማኅደር ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ተቆጣጣሪዎችም ያዩታል። ሁለት ባንኮች ለመዋሐድ ፈቃድ ሲጠይቁ የሚላክ አስተያየት ይበልጥ ይሰማል።

ገንዘብ የሚሰጡ ከሆነ ለአንድ ፕሮጀክት ሳይወስኑ ለጠቅላላ ሥራ ይስጡ፤ የመብራትና የሒሳብ ሠራተኛ ወጪን የሚሸፍን ለጋሽ ጥቂት ነው። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ስጦታ ከታክስ ለማስቀነስ የድርጅቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። አማርኛና እንግሊዝኛ አጣርቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በተከራዮች ስብሰባ ላይ ለማስተርጐም በወር አንድ ምሽት ቢሰጥ፣ ድርጅቱ በክፍያ ሊያገኘው የሚቸግረውን አገልግሎት ሰጠ ማለት ነው።

በጀቱ ከጸደቀ በኋላ ለምክር ቤት አባልዎ ቢሮ ደውለው ለፈንዱ የተመደበው ስንት እንደሆነ ይጠይቁና መልሱን ከነቀኑ ይጻፉት። በሚቀጥለው ጃንዋሪ የአፈጻጸም ምርመራው ሲጀመር፣ ከተመደበው ውስጥ ምን ያህሉ በብድር እንደወጣና ስንት ቤት እንደተሠራበት የሚጠይቁት ያንን ወረቀት ይዘው ነው።